የላስት ላፕ ጠሪዋ

ባለፈው እሑድ፣ ቅዳሴ ወጥቶ ሰው ወደየቤቱ ሲበተን፣ የብስክሌት ውድድር በቤታችን በር ላይ አለፈ። ስንት ዓመት ጠፍቶ የከረመ ነገር ነው። ያ ክፉ ጊዜ ከመጣ ወዲህ በዚህ አስፋልት ላይ ያላለፈ ጉድ የለም፤ ባለ ቀለም ማልያ የለበሰ ጎረምሳ አጎንብሶ ሲከንፍ ግን አላየሁም ነበር። እኔ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ የባለቤቴን የግደይን ባት በካምፎር ቅባት እያሸሁ ነው። ያ ባት ዱሮ እንደ ድንጋይ የጠጠረ፣ የመቐለ ጎረምሶች ሻይ ቤት ቁጭ ብለው የሚያወሩለት ባት ነበር። ዛሬ በአንድ እጄ ይዤው ጣቶቼ ይገናኛሉ። ሽታው ግን ያው የዱሮው ነው፤ ከውድድር በፊት ብስክሌተኞች በየጥጋጥጉ ሲታሹ አካባቢውን የሚያውደው ሽታ። አፍንጫዬ ውስጥ ሲገባ ሐሳቤ ወደ ኋላ መንሸራተት ጀምሮ ነበር። ከዚያ ከመንገዱ በድምፅ ማጉያ የአንዲት ወጣት ድምፅ መጣ፦ "ላስት ላፕ! ላስት ላፕ!"

ሲያንቀላፋ የሰነበተው ግደይ ዓይኑን ገለጠ። መስኮቱን አየ፣ ከዚያ እኔን አየኝ።

"አስካለ፣" አለኝ፣ "ሓቂ ንገርኒ። ሐኪሙ ምን አለ?"

ልጃችን ፍረወይኒ የሾርባ ሳህን ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። አባቷ እንዳያያት ከራስጌው በኩል ሆና ራሷን በኃይል ነቀነቀችብኝ። ድምፅ የለም፤ ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀሳል፦ "ገና ነው በዪው። ገና ነው።" እኔም የቅባቱን ክዳን ይዤ ቀረሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሳምንት በፊት ሐኪም ቤት ሄደን ነበር። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ትሑት ልጅ ነው፤ በእሱ ላይ ክፉ ቃል አይወጣኝም። ግን ግደይ አልጋው ላይ ተጋድሞ እያዳመጠ፣ ከበላዩ ሆኖ ለፍረወይኒ "ኤንድ ስቴጅ" አላት፣ በሽታው መጨረሻው ደረጃ ላይ ደርሷል ማለቱ ነው፤ ደግሞ "ፓሊየቲቭ" አላት፣ ማስታገሻ ብቻ። እሷም "ኦኬ፣ ኦኬ" ትላለች፤ ዓይኗ ግን ሞልቷል። ግደይ አንዴ እሱን አንዴ እሷን ያያል፤ ጨዋታ እንዳመለጠው ሰው ፈገግ ለማለት ይሞክራል። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ያስተማርኩትን ቋንቋ እንዲህ ጠልቼው አላውቅም። ከክፍሉ እንደወጣን ፍረወይኒ ክንዴን ጨመቀችው። "ማማ፣ ለአባዬ ምንም እንዳትነግሪው። እየዳንክ ነው በዪው። ከነገርሽው ተስፋ ይቆርጣል፤ በነጋታው ነው የሚሞትብን።" እሺም እምቢም ሳልል ነጠላዬን አጣፍቼ ወጣሁ። አገራችን መርዶ እንኳ ጎሕ ሳይቀድ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ዙሪያ ጥምጥም ሄዶ ነው የሚያረዳው። በሽተኛውንማ ማን ደፍሮ! ሰፈሩ ሁሉ አውቆታል። ሱቅ ስሄድ ባለሱቁ ዓይኔን አያየኝም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ የማያውቀው ግደይ ብቻ ነው።

እና ልጄ "ገና ነው በዪው" ስትለኝ፣ ይህችን ቃል ከዚህ በፊት አንድ ቀን ለግደይ እንደጮህኩለት አታውቅም። እሱ ግን አልረሳም፤ አስተያየቱ ይነግረኛል።

መቐለ የመጣሁት ከወልድያ ነው፣ የእንግሊዝኛ መምህርት ሆኜ፣ አንድ የቆርቆሮ ሻንጣና አንድ ብርድ ልብስ ይዤ። ከተማዋ ያኔ ትንሽ ነበረች፤ ከወዲህ ጫፍ ብታስነጥሱ ከወዲያ ጫፍ "ይማራችሁ" ትባላላችሁ። ነጫጭ የድንጋይ ቤቶች፣ ከሰዓት በኋላ ተነስቶ ቀሚስ የሚገልብ ነፋስ፣ ሻይ በስሙኒ፣ ከዘይቱ የወጣ ትኩስ ፓስቲ በዐሥር ሳንቲም። ወንዶቹ አፍሮአቸውን አጎፍረው በሱሪያቸው ጫፍ መንገድ ይጠርጋሉ። እኛ መምህራኑ ጉርድ ለብሰን፣ ሰው እንዳያማን ነጠላ እንደርብበታለን። ከሮማናት አደባባይ ፈንጠር ብሎ ካለው ካሴት ቤት አንድ የክራር ዘፈን ከጧት እስከ ማታ ይደጋገማል፤ ትግርኛ ሳልችል ዘፈኑን ቻልኩት። ብስክሌቱማ! ሠርግ በብስክሌት፣ ለቅሶ በብስክሌት፣ ሽንኩርትም በብስክሌት ነው። ዛሬ ባጃጁ መንገዱን ሞልቶት መሻገር እንኳ አቅቶኛል፤ ያኔ የሚያስፈራው ከእንዳ ኢየሱስ ቁልቁለት ፍሬን ሳይነካ የሚወርድ ጎረምሳ ነበር። ግደይን ያወቅኩትም አንድ ቀን ሊገጨኝ ለጥቂት ሲስተኝ ነው። እሱ በትግርኛ ይቅርታ ሲለምን፣ እኔ በአማርኛ ስሰድበው፣ ሳንግባባ ተግባባን።

እሱ ያን ጊዜ ለአንድ ቡድን ይወዳደር ነበር። ብስክሌቷ የቡድኑ ናት፤ የሱፍ ማልያውም የቡድኑ ነው፤ ላብ ሲጠጣ እንደ እርጥብ ብርድ ልብስ የሚከብድ ማልያ። ውድድሩ ከተማዋን ይዞራል፤ ከእንዳ ኢየሱስ ይወርድና በልብስ ሰፊው ቤት ማዕዘን ይታጠፋል፤ ማዕዘኗን ሲያልፉ መጨረሻው መስመር ነው። የመጨረሻው ዙር ሲደርስ ከትምህርት ቤታችን ተውሰው የሚያመጡትን የጭነት መኪና ቸርኬ በብረት ይደውላሉ። ብስክሌተኛ ለዚያች ደወል ብሎ ያጠራቀመው ጉልበት አለው፤ ከሰማ በኋላ የቀረውን ሁሉ ያፈሰዋል፤ ለነገ አይልም።

አሁን የዚህን አገር ሰው ጠባይ ልንገራችሁ፤ የእኔም አገር ሰው ያው ነው። ለደከመ ሰው እውነቱን አይነግረውም። መንገደኛ "ምን ያህል ይቀረኛል?" ቢል "ደርሰሃል፣ ከዚያች ጉብታ ማዶ ናት" ይሉታል፤ ምስኪኑ ጉብታዋን አልፎ ግማሽ ቀን ይሄዳል። በውድድርም እንደዚያው ነው። መንገድ ዳር የቆመው ሕዝብ ፊቱ የተጨማደደ ልጅ ሲያይ አንጀቱ አይችልም፤ ገና ብዙ ዙር እያለም "ኣጆኻ! መወዳእታ እዩ!" ይለዋል፣ አይዞህ መጨረሻው ነው ማለት ነው። ደግነት ነው። ከመጋባታችን በፊት በነበረው ዓመት፣ በአንድ እሑድ፣ ግደይ ከፊት ሆኖ ወደ ማዕዘኗ ሲቃረብ የእንዳ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ደወል ተደወለ። ሕዝቡም "መወዳእታ እዩ!" አለ። ልጁ ሁለቱን አንድ ላይ ሰማና አመነ። በዚያች ዙር ያለ የሌለ ጉልበቱን አፈሰሰ፤ ዞሮ መስመሩን ሲያልፍ ሁለት እጁን ወደ ሰማይ ሰቀለ፤ ወርዶም መሬት ሳመ። ሌሎቹ እየሳቁ አለፉት፤ አንድ ዙር ይቀር ነበርና። ተመልሶ ሊወጣ ሲሞክር እግሩ እምቢ አለው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙ ጠፋ፤ "ደወል" ተባለ። ገበያ ስንወጣ ሕፃናት በምላሳቸው "ደውን! ደውን!" እያሉ ይከተሉናል። የቡድኑ አለቃም ቁርጡን ነገረው፦ በሚቀጥለው ውድድር ከሦስቱ አንዱ ካልሆንክ ብስክሌቷን አስረክብ። ግደይ ሌላ ሥራ አልነበረውም፤ ሌላ ሥራም አልፈለገም። እኔን ካገባ በኋላ እንኳ ሌሊት በእንቅልፍ ልቡ ይፈራገጥ ነበር።

የውድድሩ ሽማግሌዎች ግን አፍረው ነበርና ደወሉን ሊተዉት ወሰኑ። በቃል ይነገር አሉ። በምን ቃል? ሻይ ቤት ተሰብስበው አንድ ከሰዓት ሙሉ ተከራከሩ፤ እንግሊዝኛ ታውቃለች ብለው እኔንም ጠሩኝ። አቦይ ሐጎስ የሚባሉ አሮጌ መካኒክ ነበሩ፤ ሙያውን ከጣሊያን የተማሩ፣ ቅባት ከጥፍራቸው የማይለቅ። "ኡልቲሞ ጂሮ ይባል፣ እኛ እንዲያ ነው የምናውቀው" አሉ፤ በጣሊያንኛ የመጨረሻ ዙር ማለት ነው። የስፖርት መምህሩ ኪሮስ ሳቀባቸው። "እሱንማ መንገድ ዳር ያለ ሽማግሌ ሁሉ ይጮኸዋል፤ ትግርኛውንም፣ አማርኛውንም። ሕዝቡ ከመጀመሪያው ዙር ጀምሮ መጨረሻ ነው ይላል። ማንም በደግነት የማይናገረው ቃል ነው የሚያስፈልገን።" ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። እንግሊዝኛ ለማጽናኛ የሚጠቀም ሰው በመቐለ አልነበረም።

"ስንት ዓይነት መጨረሻ አላቸው እንግሊዞቹ?" አሉኝ አቦይ ሐጎስ።

"ብዙ አላቸው፣ አቦይ" አልኳቸው። "ለፈተና ፋይናል ይላሉ። ለቤት ሠሪ ፊኒሺንግ ነው፤ ያው የማያልቅ መሆኑን ያውቃሉ። ሲኒማ ላይ ደግሞ ዘ ኢንድ ተብሎ ይጻፋል።"

"እሱ ይቅር! ዘ ኢንድ ሲባል ሰው ሁሉ ተነስቶ ይሄዳል።"

"ለእናንተ ላስት ላፕ ነው።"

"ላስት ላፕ" ብለው ሞከሩት፤ እንደ ብሎን አፋቸው ውስጥ አዞሩት። "ጽቡቕ። የምትጮኺውም አንቺ ነሽ፣ መምህር። ልጆቹን ዝም የምታሰኚበትን ድምፅ ሰምተናል።" ግደይ ይህን ስነግረው "እኔ ከዛሬ ጀምሮ ደወል አልሰማም፣ ሕዝብም አልሰማም፤ ያንቺን አፍ ብቻ ነው የማምነው" አለኝ። እንዲህ ያለ አደራ ጭኖብኝ እሱ እንቅልፉን ተኛ፤ እኔ ነኝ ከዚያ በኋላ የተፈራገጥኩት።

የውድድሩ ዕለት ነፋሱ ገና በጧቱ ተነሳ። በልብስ ሰፊው ማዕዘን በርሜል ላይ አቁመውኝ ድምፅ ማጉያውን አስያዙኝ። አቦይ ሐጎስና ኪሮስ ከእግሬ ሥር ሆነው የዙሩ ቁጥር የተጻፈበትን ካርቶን ይገለብጣሉ። እኔ የምጮኸው እነሱ ሲነግሩኝ ነው፤ ሕጉ ይህ ነው። ግን ልቤ አላረፈምና በራሴም ያዝኩ፤ ግደይ ባለፈ ቁጥር ከነጠላዬ ዘርፍ አንዷን ቋጠርኩ። ማንም አላየኝም። ሰዓቱ ገፋ፤ ፀሐዩ ከረረ፤ ግደይና አንድ ቀይ ማልያ የለበሰ ልጅ ተነጥለው ወጡ። አንድ ጊዜ ነፋሱ ካርቶኖቹን ጠራርጎ ወሰዳቸው። ሁለቱ ዳኞች እየተሯሯጡ ለቅመው ሲመለሱ ብስክሌተኞቹ አልፈዋል። የተቆጠረና ያልተቆጠረው ተደባለቀ።

"በቃ፣ አሁን የሚመጡት ለመጨረሻው ነው" አሉ አቦይ ሐጎስ።

"ኣይፋልን! አንድ ይቀራል፤ ላስት ላፕ የሚባለው በሚቀጥለው ነው" አለ ኪሮስ።

"አንተ ልጅ፣ እኔ ሳትወለድ ነው ዙር የቆጠርኩት!"

ዋናው ዳኛ በመኪና ከኋለኞቹ ጋር ነው፤ የሚጠየቅ የለም። ሁለቱ ዳኞች ካርቶን እየተናጠቁ ሳለ፣ ከእንዳ ኢየሱስ ቁልቁለት ግደይና ቀይ ማልያው ወረዱ። በዚያችው ቅጽበት፣ እንደ ፈረደብን፣ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ተነሳ። ሕዝቡም ተነሳ፦ "ኣጆኻ! መወዳእታ እዩ!" አቦይ ሐጎስ ቀሚሴን ይዘው ጎተቱኝ። "ጥርሒ ኣንቲ! ጩሂ! ባልሽ እንዲቀደም ነው? ጩሂ!" ካልጮህኩና መጨረሻው ከሆነ ግደይ ጉልበቱን እንዳስቀመጠ ይቀራል። ከጮህኩና ካልሆነ ደግሞ እንዳምናው መሬት ይስማል፤ ያኔ ብስክሌቷም የለች፣ ስሙም የለ። ፊቱ አቧራ ሆኖ ዓይኑ ብቻ ይታያል። ደወሉን አልሰማም፤ ሕዝቡን አላየም፤ ያንን ሁሉ መንገድ እኔን እያየ መጣ። እጄ ነጠላዬ ዘርፍ ላይ ነበር። ቋጠሮዎቹን በጣቴ ዳሰስኳቸው፤ አልሞሉም።

"ገና ነው!" አልኩ በድምፅ ማጉያው። "ግደይ! ገና ነው!"

ይህ ቃል በስምምነታችን አልነበረም። እሱ ግን ኮርቻው ላይ መለስ ብሎ ተቀመጠ። ቀይ ማልያው የአቦይ ሐጎስን እጅ ማውለብለብ አይቶ፣ ደወሉንም ሰምቶ፣ እንደ ጥይት ተተኮሰ። ግደይ ሲሄድ እያየ ለቀቀው። አቦይ ሐጎስ ራሳቸውን ያዙ። "ዋይ ጓል ወልድያ! ሰውየውን ገደልሽው!" ያቺን ዙር ማንም አላናገረኝም። ቋጠሮዎቹን ደጋግሜ ዳሰስኩ፤ አንዷን ዘልዬ ይሆን? ሲያልፍ ዓይኔን ጨፍኜ ይሆን? በርሜሏ ላይ ቆሜ ስለት ያልተሳልኩለት ታቦት የለም፤ የወልድያዎቹን ጨርሼ ወደ መቐለዎቹ ተሻገርኩ። በመጨረሻ የዋናው ዳኛ መኪና ኋለኞቹን ትታ፣ ቀድማ በማዕዘኗ ታጠፈች። ሰውየው በመስኮት አንገቱን አውጥቶ "ሓደ ተሪፉ!" እያለ አንድ ጣቱን አሳየን። አንድ ዙር ይቀራል። ቀይ ማልያው መስመሩ አጠገብ ብስክሌቱ ላይ ተደፍቶ ነበር። ግደይ በአጠገቡ ሲያልፍ ያለኝን ድምፅ ሁሉ አወጣሁት፤ "ላስት ላፕ" ያልኩት እየጮህኩም እያለቀስኩም ነው። እሱ መሪውን ወደ ታች ጨብጦ አጎነበሰ፣ ሄደ።

አላሸነፈም። ከኋላ የመጣ ሌላ ልጅ በጎማ ያህል ቀደመው፤ ሁለተኛ ወጣ። ብስክሌቷ ቀረችለት። እኔ ግን ትንሽ ከፍቶኝ ነበርና ሻይ ቤት ተቀምጠን ሲስቅ ባየሁት ጊዜ "ምን ያስቅሃል፣ ተቀድመህ?" አልኩት።

"አስካለ" አለኝ፣ "ሳላውቅ ከምቀድም አውቄ ብቀደም ይሻለኛል። ጉልበቴን የት እንዳፈሰስኩት አውቀዋለሁ።"

ከዚያ ወዲህ ስንት ዓመት አለፈ። ማልያው ናይለን ሆነ፤ ካሴት ቤቱ ፈርሶ ፎቅ ተሠራበት፤ ፎቁም መስታወቱ ረግፎ እንደገና ተገጠመለት። በዚያ ነዳጅ በጠፋበት ጊዜ ከተማው ሁሉ ወደ ብስክሌት ሲመለስ፣ ግደይ ሽበቱን ይዞ ለጎረቤት መድኃኒት ፍለጋ እስከ ቁሓ ይወጣ ነበር። ሲመለስ በሩ ላይ ቆሜ ያገኘኛል፤ "ተገኘ?" ስለው፣ ካልተገኘ አልተገኘም ይላል፤ "ነገ ይመጣል ተብሏል" ብሎ አያባብለኝም። በመካከላችን እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም። ስንጣላም እውነት ተናግረን ነው የተጣላነው፣ ለዚህም ነው ብዙ የተጣላነው።

እና አሁን አልጋው ላይ ሆኖ ያየኛል። ልጄ "ገና ነው በዪው" ትለኛለች። ልጄን አልፈርድባትም፤ መንገድ ዳር ቆማ የደከመ አባቷን እያየች ነው፤ አንጀቷ አልችል ብሎ ነው። ግን ተናደድኩ። እንግሊዝኛውን ያኔ የመረጥነው መጨረሻው ከብስክሌተኞቹ እንዳይሰወር ብለን ነበር። ዛሬ በዚያው ቋንቋ ከራሱ ከበሽተኛው ይሰውሩታል። ደግሞም ፈራሁ። እውነቷ ከአፌ ከወጣች አትመለስም። ፍረወይኒ እንዳለችው በነጋታው ቢሞትብኝስ? ልጄ ዕድሜ ልኳን "አንቺ ነሽ" ብትለኝስ? ያን ጊዜ የምዳስሰው ቋጠሮ ነበረኝ። አሁን እጄ ላይ ያለው የካምፎር ቅባት ነው።

"ሁሉም እየዳንክ ነው ይሉኛል" አለ ግደይ። ድምፁ ቀስ ብሎ ነው የሚወጣው። "ጎረቤት ሲመጣ ኣጆኻ ይለኛል። ሐኪሙ ትከሻዬን መታ መታ ያደርገኛል። ሕዝብ ነው፤ ሕዝብ እንዴት እንደሆነ አውቃለሁ። አንቺን ነው የጠየቅኩሽ።"

"አባዬ፣ ሾርባው ሳይቀዘቅዝ..." አለች ፍረወይኒ።

"ጽንሒ ጓለይ" አላት፣ ቆይ ልጄ፤ ዓይኑን ከእኔ ሳያነሳ።

ከመንገዱ የሕዝቡ ጩኸት ይሰማል። ቅባቱን ከድኜ አስቀመጥኩ። እጁን ያዝኩት።

"ላስት ላፕ ነው፣ ግደይ" አልኩት። "ሐኪሙ ጉበትህ አልቋል ብሏል። መድኃኒቱ ሕመሙን ለማስታገስ ነው እንጂ ለማዳን አይደለም።"

ሳህኑ ወለሉ ላይ ወደቀ። ፍረወይኒ ግድግዳውን ተደግፋ በእጇ አፏን ያዘች። እኔ ግደይን ብቻ ነበር የማየው። ዓይኑን ጨፈነ፤ እንባ በጉንጩ ወረደ። ልጄ እንዳለችው ሊሆንብኝ ነው ብዬ ፈራሁ። ከዚያ እጄን ጨበጠው፤ ከዚያ ከሲታ ክንድ ይወጣል ያላልኩት ጉልበት ነበር።

"እኔም ጠርጥሬ ነበር" አለኝ። "የሚነግረኝ አጥቼ ነው ተኝቼ የሰነበትኩት።" ከዚያ ወደ ልጁ ዞረ። "ፍረወይኒ፣ ንዒ ጓለይ። አታልቅሺ። ያስቀመጥኩት ጉልበት አለኝ። ነገ የነፍስ አባቴን ጥሪልኝ። ለአጎትሽም ደውይለት፣ ይምጣ። ዛሬ ግን ፊኒሹን ልይ።"

እሷ በአንድ ወገን፣ እኔ በሌላ ወገን ገብተን አነሳነውና ወደ መስኮቱ ወሰድነው።